መስገድ ያቃታቸው አባት
(ስለ አከርካሪ ጅማት መደንደን፣ ስለ አዋሽ ሸለቆ ውሃና ከዘር ስለሚወረሰው ነገር)

ሰው ጤነኛ ሳለ ወገቡንና አንገቱን አያስባቸውም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል፤ ቀና ብሎ ሰማዩን ይመለከታል፤ በሰሙነ ሕማማትም በቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ ያስቻለው የአከርካሪው አጥንትና አጥንቱን ከአጥንት ጋር ያያያዘው ጅማት መሆኑን የሚያስታውሰው፣ ጅማቱ እምቢ ያለው ዕለት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው ስለዚሁ ጅማት ነው። ነገሩን እንድንጽፍ ያነሣሣን በአዋሽ ሰባት ከተማ የምናውቃቸው የአንድ አባት ታሪክ ሲሆን፣ ስለ ቤታቸው ክብር ስንል ስማቸውን አንጠራም።

እኚህ አባት በወጣትነታቸው ከትውልድ ቀያቸው ወጥተው፣ በላይኛው አዋሽ በሚገኝ አንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ታናሽ ወንድማቸውም ተከትሏቸው መጥቶ በዚያው ሥራ ገባ። ሁለቱም የጠጡት ከአንድ ጕድጓድ፣ የበሉትም ከአንድ ማዕድ ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ በአዋሽ ሰባት በአንድ ግቢ ቤት ሠርተው ተቀመጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሙነ ሕማማት ታላቁ ወንድም ለስግደት ሲያጎነብሱ ወገባቸው እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አላቸው። በመጀመሪያ የጾሙ ድካም መሰላቸው። ዳሩ ግን ፋሲካው ካለፈ በኋላም አልለቀቃቸውም። ቀጥሎ እጃቸው ይደነዝዝ ጀመር፤ የሸሚዛቸውን ቍልፍ መቈለፍ አቃታቸው፤ በመንገድም እግራቸው እየተሳሰረ ይሰናከሉ ነበር። ታናሽየው ግን አልፎ አልፎ ወገቡን ያመዋል እንጂ እስከ ዛሬ ይሰግዳል።

ጭንቀቱ በሕመሙ ብቻ አላበቃም። ሴት ልጃቸው በሰመራ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አንድ ጨዋ ወጣት ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ነገሩ ሊፈጸም ሲቃረብ ከወጣቱ ዘመዶች አንዲት ሴት፣ «የአባትዬው ወገብ ደርቋል፤ የልጅቱም ጥርስ በልዟል፤ ይህ የዘር በሽታ ነውና በልጅ ልጅ ይወርዳል» ብለው ተናገሩ። በጎረቤትም ርግማን ነው የሚል አልጠፋም። የልጅቱ እናት አንድ ቀን ወደ እኛ መጥተው፣ «መምህር፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑንም የዘመኑንም ትምህርት ያውቃሉ። እባክዎ እውነቱን ይንገሩን፤ ይህ ነገር ዘር ነው ወይስ ውሃ?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛ ሐኪም አይደለንምና ወዲያው ልንመልስላቸው አልቻልንም። ጊዜ ለምነን ሐኪሞችን ጠየቅን፤ ሊቃውንቱም የጻፉትን አነበብን። ያገኘነው ለእኚያ እናት ብቻ ሳይሆን ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ እንዲሁም በመላው ስምጥ ሸለቆ ላሉት ቤተሰቦች የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው እነሆ አቀረብነው።

ጅማት እንዴት አጥንት ይሆናል?

የሰው አከርካሪ በአንገት 7፣ በጀርባ 12፣ በወገብ 5 አንጓዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚያ በታች ያሉት አንጓዎች እርስ በርሳቸው የተጋጠሙ ናቸው። አንጓዎቹ ተደራርበው በመካከላቸው አንድ ረጅም ቦይ ይሠራሉ፤ በዚህም ቦይ ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ኅብለ ሠረሠር ያልፋል። እጅና እግር የሚታዘዙት፣ ሽንትም የሚያዘው በዚሁ መስመር አማካይነት ነው። በቦዩ በፊት ለፊት በኩል ከአንገት ጀምሮ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ረጅም ጅማት አለ፤ በቦዩ ጀርባ በኩል ደግሞ ከመልኩ የተነሣ ሊቃውንቱ ቢጫው ጅማት የሚሉት ሌላ ጅማት ይገኛል። እነዚህ ጅማቶች ለስላሳና ተለጣጭ ስለ ሆኑ ሰው እንደ ልቡ ያጎነብሳል፤ ይቃናልም።

በዚህ ደዌ ጊዜ ግን ጅማቱ ቀስ በቀስ ተለጣጭነቱን ትቶ እውነተኛ አጥንት ይሆናል፤ እየወፈረም ይሄዳል። በሸለቆው ያሉ እመቤቶች በማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያውቁታል። ድንጋዩ አፉን እያጠበበው ሲሄድ ውሃው እየቀጠነ ይወርዳል። እንዲሁም ጅማቱ አጥንት ሲሆን ቦዩ ይጠባል፤ ኅብለ ሠረሠሩም ይጨመቃል። የእኚያ አባት እጅ የደነዘዘውና እግራቸው የተሳሰረው ስለዚህ ነበር። ደዌው ዓመታት ስለሚፈጅ ሰውየው እርጅና ነው እያለ ዝም ይላል፤ ነገሩ የሚገለጠውም ብዙ ጊዜ ቦዩ እጅግ ከጠበበ በኋላ ነው።

በዚህ ሸለቆ የጀርባ ደዌ አዲስ ነገር አይደለም። ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከሚሌ ብዙ ከማይርቀው ከሐዳር አካባቢ ያልፋል። በሐዳር በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንዳስቈጠረች ሊቃውንት ይናገራሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በወጣ ጥናትም በጀርባ አጥንቷ አንጓዎች ላይ የደዌ ምልክት መታየቱ ተጽፏል። የእርሷ ደዌ አሁን ከምንናገረው የተለየ ቢሆንም፣ የጀርባ ሕመም ዛሬ የተጀመረ የአንድ ቤት ነውር እንዳልሆነ ያስገነዝበናል።

የሸለቆው ውሃ

አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። በመንገዱ ሁሉ የሚያልፈው ጥንት እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ድንጋይ ላይ ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ፍል ውሃና በዱብቲ አጠገብ ያለው የተንዳሆ እንፋሎት፣ ምድሪቱ ከውስጥ ገና ትኩስ መሆኗን ይመሰክራሉ። ሙቅ የሆነው የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ሲመላለስ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ያሟሟል። ውሃው ካልሲየም ያነሰው እንደ ሆነ ደግሞ ፍሎራይዱን የሚያስቀረው ነገር ስለማይኖር እንደ ተሟሟ ከሰው አፍ ይደርሳል።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ለጥርስ የሚጠቅም ነው፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ከፍተኛ ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ያለፈ ፍሎራይድ የሚጠጣ ሕፃን፣ ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ በሚሠራበት ዘመን፣ ይኸውም እስከ 8 ዓመቱ ገደማ፣ ጥርሱ ይበልዛል። ለብዙ ዓመታት እጅግ የበዛውን የሚጠጣ ትልቅ ሰው ደግሞ ፍሎራይዱ በአጥንቱ ይከማችበታል፤ አጥንት የሚሠሩትን ሕዋሳት ያለ ልክ ያነሣሣቸዋል፤ ከዚህ የተነሣ አጥንቱ ይከብዳል፣ ጅማቱም ወደ አጥንትነት ይለወጣል።

ይህን በሀገራችን በሚገባ መርምረው ለዓለም ካስታወቁት ሊቃውንት ዋነኛው የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በስምጥ ሸለቆው ከተወለዱ ጀምሮ ከኖሩትና ከተመረመሩት ሕፃናት ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው የበለዘ መሆኑን ገለጹ። አካል እስከ ማሰር የሚደርሰው የአጥንት ደዌም በወንጂና በሸዋ የስኳር ልማት ሠራተኞች ዘንድ መገኘቱን፣ የመጀመሪያዎቹም ሕሙማን በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ መሆናቸውን አስረዱ። በ1990 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ባወጡት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ደዌው በአንገት በኩል ኅብለ ሠረሠርንና የነርቭ ሥሮችን እንዴት እንደሚጨምቅ ዘረዘሩ። በሕንድና በቻይናም ፍሎራይድ በሚበዛባቸው አውራጃዎች የሚኖሩ ሰዎች ቢጫው ጅማታቸው አጥንት ሆኖ መገኘቱን የዚያ ሀገር ሐኪሞች ጽፈዋል።

እንግዲህ የእናቲቱ ጥያቄ ግማሹ በዚህ ተመለሰ። የልጅቱ ጥርስ የሚናገረው የት ሀገር ምን ውሃ እየጠጣች እንዳደገች ነው፤ የዘሯን ነገር አይናገርም። እርሷ በእርሻው ሰፈር ተወልዳ አድጋለች። አባቷ ግን ጥርሳቸው በደጋ ስለ በቀለ ነጭ ነው፤ የጎዳቸው በጕልምስናቸው የጠጡት ውሃ ነው።

ከዘር የሚወረሰው

ነገር ግን እናቲቱ ብልህ ናቸውና ሁለተኛ ጥያቄ አቀረቡልን። «ውሃ ከሆነስ ወንድምየው ለምን ተረፈ? ያው አንድ ጕድጓድ አልነበረምን?» አሉን።

ለዚህ መልሱ ከአንድ በላይ ነው። በፀሐይ የሚቈፍር ሰው በጥላ ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ፍሎራይድን ከሰውነት የሚያስወጣው ኵላሊት ስለ ሆነ፣ ኵላሊቱ የደከመ ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ወተትና ሌላ ካልሲየም ያለበትን ምግብ የማያገኝም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ግን ከአባትና ከእናት የሚወረሰው፣ ሊቃውንት ጂን የሚሉት የተፈጥሮ ጽሕፈት ድርሻ አለው።

ይህን ከሁሉ አብልጠው የመረመሩት ጃፓናውያን ናቸው። በሀገራቸው ፍሎራይድ ምክንያት ሳይሆን በቦዩ ፊት ያለው ረጅም ጅማት አጥንት የሚሆንባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ቍጥራቸው ከመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ዘንድ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። በ347 ሕሙማን ቤተሰቦች ውስጥ 1,030 ዘመዶች በተመረመሩ ጊዜ ከመቶ 23 ያህሉ ያው ምልክት ተገኘባቸው። ይህም ነገሩ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚበዛ አስረዳ።

ከዚያ ወዲህ ምርመራው ወደ ጂኖቹ ዘለቀ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ጂን ከደዌው ጋር ግንኙነት እንዳለው ተጻፈ። ሁለቱም ኮላጅን የተባለውን፣ ጅማትንና የአጥንት ልምን የሚያቆመውን ንጥረ ነገር የሚያሠሩ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ሊቃውንት የብዙ ሺህ ሰዎችን ጽሕፈት አነጻጽረው ከደዌው ጋር የተያያዙ 6 ስፍራዎችን አገኙ። ከእነዚህ በአንደኛው አጠገብ ያለው አር.ኤስ.ፒ.ኦ.2 የሚባለው ጂን፣ ሕዋሳት ወደ ልም አጥንትነት እንዳይቸኵሉ የሚገታ ልጓም እንደ ሆነ ኋላ ተረዱ። ልጓሙ በላላበት ሰው ጅማቱ ለመደንደን ይፈጥናል።

ፍሎራይድን በሚመለከትም ይህን የመሰለ ማስረጃ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፣ ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው አይጦች እኩል ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ሲሰጣቸው የአንደኛው ዘር ጥርስ ክፉኛ ሲበላሽ የሌላው እምብዛም አልተነካም። በ2008 ዓ.ም. የቻይና ሊቃውንት በሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናትም፣ ጥርሳቸው የበለዘና ያልበለዘ ልጆች በአንድ የኮላጅን ጂን መለያየታቸውን አሳዩ። ስለዚህ ከአንድ ማሰሮ የጠጡ ሁለት ሰዎች እኩል አይጎዱም፤ አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ወንድማማቾች እንኳ የወረሱት ጽሕፈት ፈጽሞ አንድ አይደለምና።

ታዲያ ዘመዲቱ እውነት ተናገሩ ማለት ነውን? አይደለም። ጂን የፍርድ ወረቀት አይደለም። በአማርኛችን ትውልድንም በእርሻ የሚዘራውንም በአንድ ቃል ዘር እንላቸዋለን፤ ዘር ደግሞ በጎተራ ተቀምጦ ሳለ አይበቅልም፤ ውሃ ይፈልጋል። በአዋሽ ሸለቆ ይህ አነጋገር ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የነገሩ ቁም ነገር ነው። ልጅቱ ከአባቷ ዝንባሌውን ወርሳ እንኳ ቢሆን፣ ንጹሕ ውሃ ከጠጣች የፍሎራይዱ ደዌ በእርሷ ላይ አይደርስም፤ ከልጆቿም ጥርስ በለዝ አይታይም። በጃፓን የታወቀውም ደዌ ቢሆን በዘር ብቻ አይወሰንም፤ ዕድሜ፣ የሰውነት ውፍረትና የስኳር በሽታ እንደሚያባብሱት ተረጋግጧል። ከሦስቱ ሁለቱን ሰው በአኗኗሩ ሊጠነቀቃቸው ይችላል። ጂንን በመመርመር ይህ ሰው ይታመማል፣ ያኛው ይድናል ብሎ የሚፈርድ ሐኪም ዛሬም የለም። ሐኪም ያልፈረደውን ፍርድ ዘመድ በሠርግ ደጃፍ ሊፈርደው አይገባም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ የምንጠጣው ውሃ ፍሎራይዱ መለካቱን በየከተማው የውሃ አገልግሎት መጠየቅ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ጕድጓዶች እንኳ ልካቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ በአዋሽም ሆነ በሎግያና በሰመራ እያንዳንዱ ጕድጓድ ለብቻው መለካት አለበት። በመልክ፣ በሽታና በጣዕም ፍሎራይድ አይታወቅምና ጥርት ያለውን ውሃ አይተን አንታለል።

ሁለተኛው፣ ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወጣ ማወቅ ነው። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ ይበረታል። ክሎርም ተውሳክን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስቀርም። የዝናም ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በንጹሕ ቆርቆሮ ተቀብሎ በተከደነ ዕቃ ማኖር ለሕፃናት መጠጥና ለወጥ ይጠቅማል። የወንዝ ውሃም ከጥልቅ ጕድጓድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፍሎራይዱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ተውሳክ አይጠፋበትምና ተጣርቶና ፈልቶ መጠጣት አለበት። ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ስላለበት፣ ውሃው ባልተለካበት ስፍራ ለሕፃናት ሻይ ማብዛት አይገባም። ወተት በሚገኝበት በዚህ የከብትና የግመል ሀገር ለልጆች ወተት መስጠት መልካም ነው።

ፍሎራይድን የሚያስቀሩ ማጣሪያዎችም አሉ። በአሉሚና የሚሠራ አለ፤ ከሕንድ የመጣና በአሉምና በኖራ የሚሠራ ዘዴም አለ፤ ከተቃጠለ የከብት አጥንት በተሠራ ከሰል የሚያጣራም በሀገራችን ስምጥ ሸለቆ ተሠርቶበታል። ስለዚህ ስለ መጨረሻው በጾም ወራት የሚጨነቁ ቤተሰቦች እንዳሉ ሰምተናል። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ንስሐ አባት ቀርቦ የሚጠየቅ ነው፤ ሳይጠይቁ በዝምታ ማጣሪያውን ጥሎ ወደ ጕድጓዱ መመለስ ግን በልጆች አካል ላይ መፍረድ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ምልክቱን ማወቅ ነው። የእጅ መደንዘዝ፣ ቍልፍ መቈለፍ ወይም ብዕር መያዝ ማቃት፣ የአንገትና የወገብ መድረቅ፣ የእግር መተሳሰር፣ ሽንትን መቈጣጠር መቸገር የታየበት ሰው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ። ለሰመራና ለአካባቢዋ የዱብቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ የነርቭ ቀዶ ጥገና ያስፈለገው እንደ ሆነም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። በራጅና በኤም. አር. አይ. ቦዩ ምን ያህል እንደ ጠበበ ይታያል። በተለይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አንገቱን ለወጌሻ እንዳያስጠመዝዝ አጥብቀን እናሳስባለን። ቦዩ በጠበበበት ሰው ቀላል ውድቀት ወይም ኀይለኛ ጥምዘዛ እጅና እግርን ባንድ ጊዜ ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

የታሪኩ ፍጻሜ

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ ነገርናቸው፤ እርሳቸውም ለሽማግሌዎቹ እንድንደግመው ለመኑን። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢያቸው ተሰብስበን በተቻለን መጠን አስረዳን። ያች ዘመድ በመጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ይሰሙ ነበር። ስለ ሁለቱ ወንድማማች ስንናገር ግን ዘወር ብለው ታናሽየውን ተመለከቱት። «እንግዲያስ ይህ ሰው አንድ ዘር አይደለምን? ቆሞ የለምን?» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ሠርጉ በጥር ተፈጸመ።

አባትየው በአዲስ አበባ ታክመው ቦዩ በቀዶ ጥገና ተከፈተላቸው። ሐኪሞቹ አስቀድመው እንደ ነገሯቸው፣ የደነደነው ጅማት ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ሕክምናው የሚያደርገው የተጨመቀውን ማላቀቅና የከፋው እንዳይመጣ መከላከል ነው። እጃቸው ተሽሏቸው ዛሬ ቍልፋቸውን ራሳቸው ይቈልፋሉ። ወገባቸው ግን አይታጠፍም። ቀድመው ቢሄዱ ኖሮ የበለጠ በዳኑ ነበር፤ ስድስት ዓመት ያህል ግን እርጅና ነው፣ ርግማን ነው በሚል አነጋገር ባከነ። ይህን ስናስብ እናዝናለን።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ዐሥራ ስምንት ዓመት ጎብጣ ስለ ኖረች ሴት ተጽፏል። ጌታችን እርሷን የአብርሃም ልጅ ብሎ በጉባኤው ፊት አከበራት እንጂ የማን ኃጢአት ነው ብሎ አልመረመራትም። እኛም በየቤታችን ወገቡ የደረቀውን፣ ጥርሱ የበለዘውን ሰው በዚህ ዓይን ልናየው ይገባናል።

ባለፈው ሰሙነ ሕማማት እኚያን አባት በቤተ ክርስቲያን አየናቸው። ሕዝቡ ሲሰግድ እርሳቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። በአጠገባቸው ታናሽ ወንድማቸው እየወደቀ እየተነሣ ይሰግድ ነበር። ልጃቸውና አማቻቸውም ከሰመራ መጥተው ከኋላ ቆመዋል። ከጸሎቱ በኋላ ልጅቱን አግኝተን ደኅንነቷን ብንጠይቃት፣ በመጀመሪያ የነገረችን በሰመራ የሚጠጡትን ውሃ ማስለካታቸውን ነበር። እናንተም፣ አንባብያን ሆይ፣ ልጅ ያላችሁና ልትወልዱ የምታስቡ ሁሉ፣ ይህን ታደርጉ ዘንድ አደራ እንላችኋለን።